ቀይ እርሳስ

ሪጋ ላይ ነው ነገሩ፣ ትራሞች በሚያድሩበት፣
በረዶው ከሐዲዱ ላይ በአካፋ በሚዛቅበት።
ላፕቶፔን እንደ ክርስትና ልጅ በሁለት እጄ አቅፌ፣
ገባሁ፤ ሠላሳ አራት ስላይድ በየተራ አሰልፌ።

"ይህ ቀስት የዛሬው መንገድ፣ ያ ሳጥን የነገው ግብ፤
እስቲ ይህቺን ቁጥር ደግሞ አንድ ጊዜ በሏት ልብ፦
ለአንድ ብሎን ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ይባክናል፤
አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ በአራት ሰከንድ ይገኛል።"

ኤግሊትስ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሰዓቱን እያየ፣ "እሺ"፤
ቬልታ ከሒሳብ ክፍል፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል፣ "እሺ"፤
ጉንዋልዲስ፣ መካኒኩ፣ ልቡ ምሳው ጋ ሄዶ፣ "እሺ"።
እሺ ስንት ዓይነት ነው ጃል!
ደክሞናል የሚል አለ፤ ርቦናል የሚል እሺ፤
"አንቺም እንደ ፊተኞቹ ስንት ቀን ነው እስክትሸሺ?"
እኔ ግን ሁሉንም እሺ ባንድ ሙዳይ አጠራቅሜ፣
"ይሁንታ ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት በስሜ።

መጋዘን ጠባቂው ብቻ፣ ታሊቫልዲስ፣ ዝም አለ።
ቀይ እርሳስ ከጆሮው አወረደ፣
ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ፣
ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሞከርነው።
ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን ዝርዝር ከፈትኩ፦
ተጠቃሚ፣ አንድ።
እሱም እኔ ነኝ።

ስላይዴን ዘጋሁና ወደ መጋዘኑ ወረድኩ፤
"አጠገብህ ልዋል?" ብዬ መቀመጫ ለመንኩ።
የፍሬን ሸራ ሳጥን በእግሩ ገፋልኝ።
አስራ አንድ ቀን ተቀመጥኩበት፤ ቀሚሴ ግሪስ ለመደ።
መካኒኮቹ በመስኮቱ ቁጥር አይጠሩም፤
"ያቺ የምትጮኸዋ፣ የጎበጠችዋ" ይሉታል፤
እሱም ሳያይ ዘርግቶ ያቺኑ ያወጣል።

ደብተሩ ባለ ሁለት ቀለም ነው፤ በጥቁሩ ቁጥርና ቦታ፤
በቀዩ ግን ሌላ ነገር፣ እንደ ጎረቤት ጨዋታ፦
"ይህ በብርድ ይሰነጠቃል፤ አንድ ሲሉህ ሁለት ስጥ።"
"ጉንዋልዲስን፣ አሮጌውን ሳትቀበል፣ እንዳትሸኝ።"
"የአስራ ሰባት ቁጥር ትራም የኋላ በሩ ግራኝ፤
ካታሎጉን አትመነው፣ በመዳፍህ ለካው።"

"ለማን ነው የምትጽፈው?" አልኩት።
"ለሚተካኝ።" ቀና እንኳ አላለም።
"ሠላሳ አምስተኛው ስላይድስ? እሱን አላሳየሽንም።
ከግርጌው ሠላሳ አራት ከሠላሳ አምስት ይላል።
እኔ እንግዲህ ሥራዬ መቁጠር ነው።"

ሠላሳ አምስተኛው ላይ አንድ መስመር ነበር፦
የሰው ኃይል ቅነሳ፣ አንድ።
ጆሮዬ ጋለ። ሳጥኑ ከሥሬ የጠበበ መሰለኝ።

ደረጃውን ወጣሁ። ኤግሊትስን "ቁጥሩን ተሳስቻለሁ" አልኩት።
"ፕሮግራሙ አስራ አንድ ዓምድ አለው፤ ለቀዩ ቦታ የለውም።
ቀዩን የሚያነብ ሰው ከሌለ፣ የገዛኸው ባዶ መደርደሪያ ነው።"
ተከራከረ፤ በጀት ጠቀሰ፤ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።
ሙሉ በሙሉ አልረታሁትም። ሁለት ዓመት፣ እስከ ጡረታው፤
ያገኘሁት ያን ነው።
ለታሊቫልዲስም እንዲያው ነገርኩት፣ ሳላሳምር።

ያን ማታ አስራ ሁለተኛ ዓምድ ጨመርን። በስሙ ተጣላን፦
እኔ "አስተያየት" ብል፣
"አስተያየት የሚሰጥ ቁጭ ያለ ሰው ነው" አለ፤
"እጅ ያወቀው በይው።"
በቀይ ፊደል አደረግነው።

እሺ ግን አላለኝም፣ ያኔም፣ ከዚያም በኋላ።
ሰኞ ዝርዝሩን ስከፍት፣ ከስሜ በላይ ሌላ
ስም አለ፤ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል የገባ።
አንድ ብሎን ፈልጓል። አግኝቷል።
አስራ ሁለተኛው ዓምድ ላይ፣ በቀይ፦
"ሰባት ሰከንድ ፈጀ፤ አራት አይደለም።
ይሁን።"